ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ዮጋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ማታ ወገቤንና አንገቴን ይይዘኛል፣ ሁለቱም እግሮቼ ያብጣሉ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ጓደኞቼ ዮጋ ጀምሪ ይሉኛል፤ ለጂም ግን ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም። በራሴ ብሠራው ይጎዳኛል?

መልስ፦ ግፊትዎ በመድኃኒቱ ከተስተካከለ አይጎዳዎትም። ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመሥራት ይልቅ ቀን በየ45 ደቂቃው ሁለት ሁለት ደቂቃ መንቀሳቀሱ ለወገብዎ ይበጃል፤ ወገብ የሚደርቀው በአብዛኛው በአንድ አኳኋን ብዙ ስለሚቆይ ነው።

ቢሮ ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጡ (ጎማ ካለው ግድግዳ ያስደግፉት)፣ ሁለቱም እግሮችዎ ወለሉን ይርገጡ፣ እጆችዎን ጉልበትዎ ላይ ያድርጉ። አየር እያስገቡ ደረትዎን ወደ ፊት ገፋ፣ እያስወጡ ጀርባዎን ጎበጥ ያድርጉ፤ ስድስት ጊዜ ይበቃል። ቀጥሎ ግራ እጅዎን ቀኝ ጉልበትዎ ላይ አድርገው ወደ ቀኝ ይዙሩ፣ ከዚያ በተቃራኒው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዶ ራሱን ይጎትታል። የታችኛው ወገብ አጥንት በተፈጥሮው ብዙ አይዞርም፤ መዞር ያለበት ደረት ነው፣ ስለዚህ እጅዎ ይደግፍ እንጂ አይጎትት። ለአንገትዎ ጆሮዎን ወደ ትከሻዎ አዘንብለው አምስት ትንፋሽ ያህል ይቆዩ። ጭንቅላትን እንደ ወፍጮ ዙሪያውን ማሽከርከር ግን ይቅርብዎ።

የእግርዎ እብጠት ከመቀመጥ ብቻ ላይሆን ይችላል። አምሎዲፒን ትንንሽ የደም ቧንቧዎችን ስለሚያሰፋ ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚት እንዲወርድ ያደርጋል። በራስዎ አያቋርጡት፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን እንዲያይልዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ። እስከዚያው ማታ እግርዎን ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። ዳሌዎን ወደ ግድግዳው አስጠግተው በጎንዎ ይተኙና በጀርባዎ ሲገለበጡ እግሮችዎን ሽቅብ ያንሡ። መቀመጫዎ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ የጭን ጀርባ ጡንቻው የጠነከረበት ሰው በጣም ሲጠጋ መቀመጫው ከወለሉ ይነሣና ወገቡን ይጎትተዋል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ እግርዎ ከደነዘዘ ቀደም ብለው ያውርዱ። ሲጨርሱ ጉልበትዎን አጥፈው በጎንዎ አንድ ደቂቃ ይቆዩ፣ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይነሡ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል። ያበጠው አንድ እግር ብቻ ከሆነና ባቱን ካመመዎት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ዕለቱን ሆስፒታል ይሂዱ።

ትንፋሹን ደግሞ አይናቁት። 4 ሰከንድ በአፍንጫ ማስገባት፣ 6 ሰከንድ ማስወጣት፤ በደቂቃ ስድስት ይሆናል፣ ለ5 ደቂቃ ከመኝታ በፊት። አየር አምቆ መያዝና ሆድን በፍጥነት ወደ ውስጥ እየሳቡ መተንፈስ ለግፊት ታማሚ አይመከርም። በጭንቅላት መቆምና ጭንቅላት ከልብ በታች የሚወርድባቸው አኳኋኖችም እንዲሁ፤ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለበት ሰውም ሊርቃቸው ይገባል። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚሠሩት ካማረዎት በሁለቱም እግር እኩል ቆመው ጉልበትዎን ላላ ማድረግ፣ ቦርሳዎንም ትከሻ መቀያየር ይበቃል። የሚኒባስ ጭስ መሐል በጥልቀት መተንፈስ ምንም አይጠቅምዎትም።

ወለልዎ ሴራሚክ ከሆነ ካልሲ ያንሸራትታልና ባዶ እግርዎን ይሁኑ፤ ሲንበረከኩ ጋቢ አራት ላይ አጥፈው ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉ። እንጀራ ከበሉ በኋላ 2 ወይም 3 ሰዓት ይቆዩ። ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ወይ ብሎ የሚሠጋም አለ። ዮጋ ሕንድ ውስጥ ከሃይማኖት ጋር ተያይዞ ያደገ ነው፤ ከላይ ያለው ግን እንቅስቃሴና አተነፋፈስ ብቻ ነው።

ቀለል ያለ መወጠር የሚጠበቅ ነው። እንደ መርፌ የሚወጋ ወይም ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ከመጣ ግን ያቁሙና ይመርመሩ። እግርዎ ከዛለ፣ በጭንዎ መሐል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።