ቅጠሉ ሳይሆን ውጭ ማደሩ ነው

«ዶክተር፣ ሳን ሆዜ ነው የምኖረው፣ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የቬትናም ጓደኛዬ ለአዲስ ዓመታቸው ለቴት በቅጠል የተጠቀለለ ባን ቹንግ የሚባል የሩዝ ኬክ ሰጠችኝ። 10 ሰዓት የተቀቀለ ስለሆነ አይበላሽም ብላኝ ጠረጴዛ ላይ 3 ቀን አደረ፣ ትናንት ጠብሼ በላሁ። 3 ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመረኝ፣ ሌሊቱን ተወኝ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ሲፕሮም 2 ፍሬ ውጫለሁ። ሩዙ አረንጓዴ ነበር፣ ቅጠሉ መርዝ አለው?»

እህቴ፣ ቅጠሉን ጠየቅሽኝ እንጂ ያስጨነቀሽ ልጁ እንደሆነ ገብቶኛል። አይዞሽ፣ እንዲህ መጥቶ በአንድ ቀን የሚሄድ ትውከት አብዛኛውን ጊዜ ፅንሱ ጋ አይደርስም።

ቅጠሉ ምንም አላደረገሽም። ዶንግ ይባላል፣ እኛ ዳቦ በኮባ እንደምንጋግረው ነው፣ አረንጓዴው ቀለም የሱ ነው።

ይሄ «10 ሰዓት ተቀቅሏል» የሚባለው ነገር ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ስፖሩ፣ ማለትም እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆየው ቅርጹ፣ ቅቅሉን ይችላል፣ ከዛ ኬኩ ሞቅ ያለ ቤት ሲቀመጥ ይነቃና ይራባል፣ መርዙንም እዛው ሩዙ ውስጥ ያመርታል፣ ይሄ መርዝ ደግሞ ብትጠብሺው ብታሞቂው አይጠፋም። ከበላሽ በ1 እና በ6 ሰዓት መሀል የሚያስመልስሽ እሱ ነው። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል፣ ስለዚህ ቀምሼ አውቃለሁ አትበይ። ሰሜን ቬትናም ቴት የሚውለው በብርድ ወቅት ነው፣ ውጭ ማሳደሩም ከዛ የመጣ ልማድ ነው፣ ሂተር የበራበት አፓርታማ ግን ሌላ ነገር ነው። እዛው ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቬትናም የሩዝ ኬክ ተብሎ ሕግ ወጥቷል፣ ሻጩ ፍሪጅ ሳያስገባ ማቆየት የሚችለው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። ውስጡ እኮ ማሾና የአሳማ ሥጋ ነው!

ሲፕሮው ግን በጣም አናዶኛል። ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ ነው፣ መርዙ ላይ ግን ምንም አይሠራም፣ ለነፍሰ ጡርም ካልተገደድን አንሰጠውም፣ አንቺ ግን ማንንም ሳትጠይቂ ዋጥሽው። በ2 ፍሬ ልጁ ይጎዳል ብለሽ እንቅልፍ አትጪ፣ ሦስተኛውን ግን እንዳትነኪ፣ ዛሬውኑ ለእርግዝና ሐኪምሽ ደውለሽ ንገሪያት።

ትኩሳት ከመጣ፣ 38 ከደረሰ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ሂጂ። የጠጣሽው አልረጋ ካለ ወይ ሽንትሽ ከቀነሰም እንደዛው። የተረፈውን ኬክ ጣይው፣ ፍሪጅ ውስጥ አሁን ብታስገቢው አይድንም።