አሞራ ወይስ ንስር? የጣናዋ ወፍ ስም

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከአንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነው። «የምግብ ሰንሰለት ሳስተምር ጣና ላይ ዓሣ የምትይዘውን ነጭ ራስ ወፍ ንስር አልኳት። አባቱ ዓሣ አስጋሪ የሆነ ተማሪዬ ‹ቲቸር፣ እሷ እኮ አሞራ ናት፤ አባዬ አሞራ ነው የሚላት› አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ ‹ንስር ዓሣ ያድናል› ብሎ መጻፍ ያስኬዳል?» ይላል።

መምህርት፣ ልጁ አልተሳሳተም። እርስዎም አልተሳሳቱም።

አሞራ የአንድ ወፍ ስም ብቻ አይደለም። ክንፉን ዘርግቶ ከላይ የሚያንዣብብ ትልቅ ወፍ በደፈናው አሞራ ይባላል፤ ንስሩም፣ ጥንብ አንሳውም፣ አንዳንዴ አንገቱ ላይ ከረጢት ያለው አባ ኮዳም። ንስር ግን ለብዙዎቻችን የመጽሐፍ ቃል ነው። በግእዝም አለ፣ በዕብራይስጥና በዓረብኛም ዘመዶች አሉት፤ ደግሞ በዓረብኛ «ነስር» በጥብቁ ሲወሰድ ጥንብ አንሳ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ያደባለቀው የጣና ዓሣ አስጋሪ አይደለም። ከጥንትም የተደባለቁ ናቸው።

ክፍል ውስጥ ግን ንስርንና ጥንብ አንሳን ይለዩዋቸው፤ በሰንሰለቱ ላይ ቦታቸው አንድ አይደለማ። የጣናዋን ወፍ ጧት ሐይቁ ዳር ሾላ ላይ ተቀምጣ አይተዋት ይሆናል። ራሷና ደረቷ ነጭ፣ ሆዷ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ዝም ብላ ትቆያለች። ከዚያ ዝቅ ብላ ትመጣና እግሯን አስቀድማ ውሃውን ነካ አድርጋ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዛ ትነሳለች። የእግሯ ውስጥ ሻካራ ስለሆነ የሚያሙለጨልጨው ዓሣ አያመልጣትም። ቆሮሶው ደግሞ በአብዛኛው የሚበላው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አልጌ ነው። አልጌ፣ ቆሮሶ፣ ንስር፤ በቃ፣ ሰንሰለቱ ይኸው። ከአንዱ ቀለበት ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ኃይል በግምት 10 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ቆሮሶው በሺህ ሲቆጠር ንስሯ ጥቂት የምትሆነው ለዚህ ነው። ጥንብ አንሳ ግን የሞተውን ነው የሚያነሳው። የጨጓራው አሲድ ኃይለኛ ስለሆነ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት እንኳ በልቶ ይኖራል።

እኔን ደስ የሚለኝ ስማቸው ነው። አማርኛ ከእነዚህ ወፎች አንዳንዶቹን የሚጠራቸው በመልካቸው ሳይሆን በሥራቸው ነው። ጥንብ አንሳ ያነሳል። ጭልፊት ጫጩቷን ከእናቷ ሥር ጨልፋ ትሄዳለች፤ ጨለፈ፣ ጭልፋ፣ ጭልፊት፣ እኔ ሦስቱን ዘመዳሞች አድርጌ ነው የማያቸው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ወፎች ጋር «ዓሣ አውጭ» የሚል ስም ተጽፏል። ለጣናዋ ወፍ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? ሰሌዳው ላይ «ዓሣ አውጭ ንስር» ብለው ቢጽፉ ልጁም አባቱም ወዲያው ይገባቸዋል።

«ያድናል» ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። «ንስር ዓሣ ያድናል» ተብሎ ሲጻፍ ማደን ይሁን ማዳን አይለይም፤ የ4ኛ ክፍል ልጅ ንስሩ ዓሣውን ከሞት አተረፈው ብሎ ሊያነበው ይችላል። «አድኖ» እና «አዳኝ»ም እንዲሁ ናቸው። «እያደነ» ግን ጥርት ያለ ነው፤ ሌላው «እያዳነ» ነውና። ስለዚህ «ንስር ዓሣ እያደነ ይበላል» ይበሉ። «አዳኝ ወፎች» የሚለው፣ ወፍ የሚለው አብሮት ስላለ፣ ችግር የለበትም። «አእዋፍ»ን ለትልልቆቹ ያቆዩላቸው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። የልጁ አባት ሐይቁ ላይ ለሚያዩዋቸው ለሌሎቹ ወፎች ምን ምን ስም እንደሚሰጡ በልጁ በኩል ጠይቀው ይላኩልኝ። እዚሁ እጽፈዋለሁ።