ከመጠይቁ በፊት ሥራውን ይዩት

እህታችን የጠየቁት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጃቸው የሠራተኞችን የሥርዓተ ፆታ ሥልጠና ፍላጎት እንዲዳስሱ ተመድበው፣ መጠይቁን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ነው። ይህንኑ ሥራ በሌላ ኮሌጅ ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልበል።

መጠይቁን ለጊዜው ያቆዩት። «የሥርዓተ ፆታ ሥልጠና ያስፈልግዎታል?» የተባለ ሠራተኛ «አዎ» ነው የሚለው፤ ሥልጠና ሲባል ሆቴልና አበል ይታየዋልና። (አልፈርድበትም፣ ደመወዙን እናውቀዋለን።) ከዚያ መልስ ግን ማን ምን እንደጎደለው አይታወቅም።

ከሬጅስትራር ይነሡ። የገቡትን፣ ያቋረጡትንና ለሙያ ብቃት ምዘና የቀረቡትን ሠልጣኞች በፆታና በሙያ ዓይነት ለይተው ያውጡ። ካቋረጡት ውስጥ ሴቶች በዝተው ያገኙበት ክፍል ወርክሾፕ ገብተው ይቁሙ። እኔ በብየዳ ክፍል ያየሁት ይህን ነው፦ ማሽኑን ወንዶቹ ይዘዋል፤ በቡድኑ ያለችው አንዲት ሴት መዝገብ ትሞላለች፣ ሲጨርሱም ወለሉን ትጠርጋለች። አሠልጣኙን ብጠይቀው «እንዳትቃጠል አዝኜላት ነው» አለኝ። ክፋት የለበትም። ይኸው ሰው በመጠይቅ ቢጠየቅ «ሁሉንም በእኩል አያለሁ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። የሚያስፈልገው የጽንሰ ሐሳብ ገለጻ ሳይሆን ሠልጣኞችን በማሽኑ ላይ እንዴት እያፈራረቀ እንደሚያሠራ ማወቅ ነው። በእሷ ልክ የሚሆን ጓንትና ቱታ አለመኖሩ ደግሞ የግዥ ጉዳይ ነው፤ ምንም ሥልጠና አይፈታውም። ይህን ካልለዩ ሪፖርትዎ ሁሉንም «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ያልፈዋል።

ፋይናንስ ክፍል ሲሄዱ «ይህ የሴቶች ጉዳይ ሥራ ነው» ይሉዎታል። በ2008 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ እንዲታይ ማዘዙን አንሡላቸው። የበር ጥበቃዎችንም አይርሷቸው፤ ማታ የተተነኮሰች ሠልጣኝ መጀመሪያ የምታገኘው ዲኑን አይደለም።

የቡድን ውይይቱን ሴቶችንና ወንዶችን፣ አለቆችንና የበታቾችን ለያይተው ያድርጉ። ስለ ትንኮሳ ሲያነሡ «ደርሶብሽ ያውቃል?» አይበሉ። «አንዲት ሠልጣኝ አሠልጣኙ በውጤቷ እንደሚያስፈራራት ብትነግርዎ ወዴት ይልኳታል?» ብለው ሁሉንም ይጠይቁ። መልሱ ከሰው ሰው ከተለያየ አሠራሩ ለሠራተኛው አልተነገረም፤ ወይም ከነጭራሹ የለም። ወንዶች አሠልጣኞች «ለሴቶች የተለየ ድጋፍ መስጠት አድልዎ አይደለም ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። አይከራከሯቸው፣ ይመዝግቡት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው የልዩነት ታሪክ የተነሣ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ መደንገጉን አለማወቃቸው ራሱ የሥልጠና ርዕስ ነው።

መጠይቁ በመጨረሻ ይምጣ፣ አጭር ይሁን። ስም አለመጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ በአውቶ መካኒክ ክፍል ያለችው ሴት አሠልጣኝ አንዲት ከሆነች ክፍሏንና ፆታዋን ስትሞላ ማንነቷ ይታወቃል። ስለዚህ ክፍሉን ትተው፣ አሠልጣኝ ወይም የአስተዳደር ሠራተኛ መሆኗን ብቻ ይጠይቁ።