«ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ሲሏችሁ

ሥራ የጀመረች አንዲት ወጣት መሐንዲስ «አለቃዬ ፈርሚ ካለኝ ጥፋቱ የእሱ አይደለም ወይ?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ አንድ የድሮ ባልደረባዬን አስታወሰኝ።

ሁለታችንም ጀማሪዎች ነበርን። እሱ ዝምተኛ ነው፤ ምሳ እንኳ ለብቻው ነበር የሚበላው። ኮንክሪት ሲሞላ ናሙና ይወሰድና በ28ኛው ቀን ተጨምቆ ጥንካሬው ይለካል። የአንድ ፎቅ ኮለኖች፣ ማለትም ሕንፃውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች፣ ናሙና ከሚፈለገው በታች ወጣ። ሥራው ደግሞ ዘግይቷል። አለቃችን የማጽደቂያውን ወረቀት ገፋ አደረጉለትና «ፈርም፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አሉት። ልጁ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙበታ!» አላቸው። አለቃችን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እሳቸውም አልፈረሙም!

ኮለኖቹ እንደገና ተፈትሸው ተጠናከሩ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ደህና ሥራ አልተሰጠውም፤ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። እዚያ ከነበርነው አንዳችንም «ልክ ነህ» አላልነውም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ስታንሊ ሚልግራም የተባለ ተመራማሪ በዬል ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ ጀመረ። ተሳታፊዎቹ ሌላ ሰው በኤሌክትሪክ የሚያስነዝሩ መስሏቸው ማብሪያ እንዲጫኑ ይታዘዛሉ። በታወቀው ዙር ከ40ው 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ድረስ ሄዱ። «ተጠያቂው ማነው?» ብለው የጠየቁ ነበሩ። አዛዡ «እኔ ነኝ» ሲላቸው ቀጠሉ። እያላባቸው፣ እየተንቀጠቀጡ። ኅሊናቸው አልተኛም ማለት ነው። እጃቸውን ግን ለሌላ ሰው አበደሩት።

እናንተ የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ሌላውን ለመኮነን ትፈጥናላችሁ። የራሳችሁ ፊርማ ላይ ስትደርሱ «ሲስተሙ ነው» ትላላችሁ። ሥራም ቶሎ ትለቃላችሁ፤ እሱ አይመቸኝም። (ያ ልጅም ቶሎ ነው የለቀቀው፣ አውቃለሁ።)

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ መጀመሪያ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂ። ብዙ አለቃ እዚያ ላይ ይተወዋል። በጽሑፍ ከሰጠሽም አትፈርሚ። ወረቀቱ ለክስ ይጠቅምሽ ይሆናል፤ ደካማውን ኮለን ግን አያጠነክረውም። ደሞዙ እንደሚያስፈልግሽ አይጠፋኝም፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ቢፈርም እኔ ለመፍረድ አልቸኩልም። አንቺ ግን ገና ነሽ፣ ትችያለሽ። ሌላ ሰው እምቢ ሲል ካየሽ ደግሞ «እኔም አልፈርምም» በይ፤ ያውም አለቃው እዚያው እያሉ።