304 ቮልት ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በቤተ ሙከራ አንድ ሬዚስተርና አንድ ኮይል በሲሪየስ አያይዘን ከ220 ቮልት ጋር ስናገናኛቸው፣ ቮልቲሜትሩ ሬዚስተሩ ላይ 130፣ ኮይሉ ላይ 174 ቮልት አነበበ። ድምሩ 304 ነው። የተሳሳተው የክፍሎቹ ቮልቴጅ ድምር ከምንጩ ጋር እኩል ነው የሚለው የኪርቾፍ ሕግ ነው ወይስ መሣሪያው? ይህ ሁሉ የፌዘር ሥዕልስ (ቮልቴጅንና ጅረትን በቀስት የሚያሳየው) በሚቀጥለው ሴሚስተር ለምንማረው ሞተር ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ሕጉም መሣሪያውም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው አደማመሩ ነው። የኪርቾፍ ሕግ በእያንዳንዷ ቅጽበት ላለው ቮልቴጅ የሚሠራ ሲሆን፣ ቮልቲሜትሩ ግን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን ሞገድ መጠን እንጂ ሞገዱ መቼ ጫፍ እንደሚደርስ አይነግርዎትም። የሬዚስተሩ ቮልቴጅ ከጅረቱ ጋር አብሮ ጫፍ ሲደርስ፣ የኮይሉ ቮልቴጅ ጅረቱን በሩብ ዙር፣ ማለትም በ5 ሚሊሰከንድ፣ ይቀድመዋል። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ኪስ ገንዘብ መደመር አይቻልም። አንዱን አግድም፣ ሌላውን ሽቅብ ሥለው በፓይታጎረስ ሕግ ቢያሰሉ 217 ቮልት ያህል ያገኛሉ።

የጎደሉትን 3 ቮልቶች ብዙ ተማሪ ሪፖርቱ ላይ «የመለኪያ ስሕተት» ብሎ ያልፋቸዋል፤ በእኔ እምነት ግን የሙከራው ፍሬ ያለው እዚያው ላይ ነው። ኮይሉ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ስለሆነ የራሱ ሬዚስታንስ አለው፤ በዚህም የተነሣ ቮልቴጁ ጅረቱን የሚቀድመው በ90 ሳይሆን በ88.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ174ቱ ውስጥ 4.7 ቮልት ያህሉ ከሬዚስተሩ ቮልቴጅ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። አግድሙን 134.7 አድርገው እንደገና ያስሉት፤ 220 ይመጣልዎታል። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ቻርለስ ስታይንሜትስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 ቺካጎ ላይ ያቀረበው፣ አግድሙንና ሽቅቡን በአንድ ቁጥር የሚይዘው የኮምፕሌክስ ቁጥር ዘዴም ይህንኑ ሥዕል ወደ ተራ ስሌት የለወጠ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ወፍጮ ቤት ያለውን ኢንዳክሽን ሞተር ያስቡ። ባለ አራት ፖል (መግነጢሳዊ ዋልታ) ከሆነ መግነጢሳዊ መስኩ በ50 ኸርዝ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር፣ ሮተሩ (የሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል) ሥራ ላይ እያለ ወደ 1,440 ገደማ ይዞራል፤ ይህ የ4 በመቶ ልዩነት ስሊፕ ይባላል። ሞተሩ ወረቀት ላይ ሲሣል እርስዎ የለኩት ዓይነት የሬዚስተርና የኮይል ሰርኪዩት ይሆናል፤ አዲስ ነገር ቢኖር የሮተሩ ሬዚስታንስ ለስሊፑ ተካፍሎ መግባቱ ነው። በ1,440 ዙር ስሊፑ 0.04 ስለሆነ ሬዚስታንሱ 25 እጥፍ ሆኖ ይታያል። ሞተሩ ገና ሲነሣ ግን ሮተሩ ቆሞ ስሊፑ 1 ስለሚሆን፣ ጅረቱን በዋናነት የሚገቱት ያች ትንሿ የሮተር ሬዚስታንስና የጥቅልሎቹ ሪአክታንስ (ኮይል ተለዋዋጭ ጅረትን የሚቃወምበት መጠን) ናቸው። ሞተሩ በዚያች ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጅረት ይስባል፤ በመስመሩ ሽቦ ላይ የሚቀረውም ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ወፍጮው ሲነሣ የጎረቤት አምፖል ደብዘዝ የሚለው ለዚህ ነው።