መልስ፦ ጦርነት ያበቃበት አገር ኢንቨስተር እንዴት ይመጣል?

ወንድሜ «ሰላም ከወረደ በኋላ መንግስት የታክስ እፎይታ ቢሰጥ ኢንቨስተር አይጎርፍም ወይ» ላልከው፣ እኔ ታክሱ ዋናው ነገር አይመስለኝም። ሰውየው ገና ትርፍ ሳያገኝ ምኑን ነው የምትምረው? እሱን እንቅልፍ የሚነሳው ነገ ተኩስ ቢጀመርስ፣ ንብረቴን ቢወርሱትስ፣ ያተረፍኩትን በዶላር ማውጣት ባልችልስ የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ኢንሹራንስ አለ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሚጋ የሚባለው የዓለም ባንክ ግሩፕ ድርጅት የሚሸፍነው እነዚህኑ ነው።

ሞዛምቢክን እይ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1992 እ.ኤ.አ. አለቀ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማፑቶ አጠገብ ሞዛል የሚባለው ትልቅ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ማምረት ጀመረ፣ አይኤፍሲ የሚባለው፣ በግል ድርጅቶች ላይ ገንዘብ የሚያውለው የዓለም ባንክ ግሩፕ ክንፍ፣ የራሱን ገንዘብ ይዞ መግባቱም ለሌሎቹ ድፍረት ሰጥቷል። ችግሩ እንዲህ አይነት ፋብሪካ የሚፈልገው ካፒታልና መብራት እንጂ ብዙ ሰራተኛ አይደለም፣ መሳሪያ ያስቀመጠው ወጣት ደግሞ ስራ የሚፈልገው ዛሬ ነው።

ለዛ ነው እኔ መጀመሪያ የአገሬው ነጋዴ ይታሰብ የምለው፣ ሱቁ ተቃጥሎበት እንኳን አልሄድም ብሎ የቀረው ሰው እኮ ነው፣ ግን ባንክ ሲሄድ መያዣ አምጣ ይሉታል፣ ከየት ያምጣ? የብድር ዋስትና ፈንድ ከባንኩ ጋር ኪሳራውን ቢጋራለት ነገሩ ይቀየራል። የመሬቱ ጉዳይም አለ፣ የተፈናቀለ ሰው ቦታ ላይ ፋብሪካ አቁመህ ባለቤቱ ሲመለስ ሌላ ጸብ ነው፣ ስለዚህ የይዞታው ማጣራት ከውሉ በፊት ይለቅ፣ ቢዘገይም ይዘግይ።