ተንኮሻኮሸ፣ ተንበለ፣ ተንኮል፦ «ተን» የማን ነው?

ጥያቄ፦ በብቸና የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ብዙ የማይሰሙ የእንግሊዝኛ ቃላትን በመነሻ ፊደላቸው እየሰበሰቡ ያጠናሉ። «ግል» ብለው የሚጀምሩትን ስናይ አብዛኞቹ ስለ ብርሃን የሚናገሩ መሆናቸውን አስተዋሉ፤ አንዲት ተማሪም «በአማርኛስ ‹ተን› ብለው የሚጀምሩት ግሦች ለምን በዙ? ‹ተን› ራሱ ትርጉም አለው?» ስትል ጠየቀች። የአማርኛ መምህር የሆነው ባልደረባዬ «‹ተ› የተደራጊ ምልክት ነው፣ ‹ን› የሥሩ ፊደል ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም» አለ። እርስዎ ምን ይላሉ? ደግሞስ «ሐሳቡን አንጸባረቀ» ማለት ትክክል ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው እኔ ለዓመታት ስሟገትበት የኖርሁትን ነገር ነው። ከተጠየቅሁት አልፌ ብሄድ ይታገሡኝ።

ከእንግሊዝኛው ልነሣ። ግሊም፣ ግሊተር፣ ግሎው፣ ግሊስን የብርሃን ቃላት ናቸው። ብዙ ከማይሰሙትም ግሎሚንግ የምሽት ድንግዝግዝታ ነው፤ ግላወር ደግሞ በቁጣ ማፍጠጥ ስለሆነ ከዐይን አልራቀም። እንዲህ ያለውን የድምፅና የትርጉም ጉርብትና ጆን ዋሊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1653 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ዘርዝሮታል፤ ፈርዝ የተባለው የቋንቋ ምሁር ደግሞ በ1930 መጠሪያ ስም አውጥቶለታል። ነገር ግን ግላብረስ ላይ ሲደርሱ ብርሃኑ ይጠፋል። ይህ ከላቲን የመጣ ነው፤ ፀጉር የሌለው፣ ልሙጥ ማለት ሲሆን የዕፅዋት ሊቃውንት ለቅጠል ይጠቀሙበታል። ግሊብም የላቲን ልጅ ነው፤ መነሻው የአፈር ጓል ማለት ሲሆን በኋላ ለደብር ካህን መተዳደሪያ የሚሰጥ መሬት መጠሪያ ሆኗል። «እንደ ቀድሞው የእኛ የሰሞን መሬት ነው» ቢሏቸው የጎጃም ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም ማለት ነው፤ ይህ ለእኛም «ተን» ይሠራል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ከግሊም ላይ «ግል»ን ቢያነሡ የሚቀረው ትርጉም የሌለው ቁራጭ ነው። ከአማርኛው ላይ «ተን»ን ቢያነሡ ግን ሕይወት ያለው ቃል ይቀራል። ተንኮሻኮሸ ከሚለው ኮሽ፣ ተንሾካሾከ ከሚለው ሹክ፣ ተንቦገቦገ ከሚለው ቦግ፣ ተንሸራተተ ከሚለው ሸርተት፣ ተንከባለለ ከሚለው ከብለል፣ ተንጋለለ ከሚለው ጋለል፣ ተንኳኳ ከሚለው ኳ ይገኛል። ኮሽ አለ፣ ሹክ አለ፣ ቦግ አለ፣ ኳ አለ እንላለን፤ በአንዱም ውስጥ «ን» የለም። በእሳት ላይ ያለ ሽሮ ይመልከቱ። መጀመሪያ ከድስቱ መካከል አንዲት አረፋ ወጥታ ትፈነዳለች፤ ወጡ ተክ አለ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ተክ ተክ እያለ እየፈነጠቀ ክዳኑን ያርሳል፤ ያን ጊዜ ተንተከተከ እንላለን። አንዱ ድምፅ ተደጋግሞ ግሥ የሆነው ፊታችን ነው፤ «ን» የመጣው ከድግግሞሹ ጋር እንጂ ከመጀመሪያዋ አረፋ ጋር አይደለም።

«ን» የሥር ፊደል ነው የሚሉት ወገኖች አንድ ጠንካራ የሚመስል ማስረጃ ያቀርባሉ። ነበልባል፣ ነጠብጣብ፣ ነጎድጓድ፣ ነጸብራቅ የሚሉት ስሞች በ«ነ» ይጀምራሉ፤ ስሙ በ«ነ» ከጀመረ ሥሩም በ«ነ» ይጀምራል ይላሉ። ይህ ክርክር በብዙ የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሥር ሰድዷል፤ እኔ ግን ፈጽሞ አልቀበለውም። ነጠብጣብ ማለት ጠብ ያለ ነገር ነው፤ ጠብ አለ እንላለን እንጂ ነጠብ አለ አንልም። ነጸብራቅም ከበረቀና ከመብረቅ ጋር የሚዛመድ ነው፤ «ነ» ከዘመዶቹ ዘንድ የለችም። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ነጎድጓድ ነው። በግእዙ ወንጌል በማቴዎስ ምዕራፍ 7 «ጐድጕዱ ወይትረኀወክሙ» የሚል አለ፤ «አንኳኩ ይከፈትላችሁማል» ማለት ነው። ጐድጐደ በግእዝ በር መታ፣ አንኳኳ ነው። ከዚሁ አንጐድጐደ ሲወጣ የሰማዩ ጕርምርምታ ይሆናል። በር ሲመታ «ን» የለም፤ ሰማዩ ሲመታ «ን» ይመጣል። አማርኛው ደግሞ በተራው በር ለመምታት ኳ ከሚለው ድምፅ ላይ አንኳኳን ሠራ። ግእዝ በሰማዩ ላይ ያደረገውን አማርኛ በመዝጊያው ላይ አደረገው። ይህን አይቶ «ን» የሥር ፊደል ነው የሚል ሰው ጐድጐደን የት ሊያስገባው ነው?

ይህን የ«ን» መነሻ ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ አውግስት ዲልማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ባሳተመው የግእዝ ሰዋስው በተለይ ከአራትና ከዚያ በላይ ፊደላት ካሏቸው ግሦች ጋር አያይዞ አስተምሮታል። ዘመዶቹም ሩቅ አይደሉም፤ ዐረብኛ ሰባተኛ የሚለው የግሥ ዕርባታ በ«ን» የሚመሠረት ነው፣ ዕብራይስጥም ኒፍዐል የሚለው አለው፣ የጥንቱ የሜሶጶጣሚያ ቋንቋ አካድኛም እንዲሁ። በእነዚያ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ተደራጊነትን ያሳያል። በግእዝና በአማርኛ ግን ሌላ ሥራ ያዘ፤ የሚሰማ፣ የሚታይ ወይም አካልን የሚያናውጥ ነገርን ይሥላል። በሉቃስ ወንጌል ፅንሱ በኤልሳቤጥ ማሕፀን የዘለለውን ግእዙ «አንፈርዐጸ» ይለዋል፤ አማርኛው «ዘለለ» ብሎ ተረጐመው። ትርጉሙ ትክክል ነው፣ ነገር ግን የፅንሱ መፈራገጥ ጠፍቷል።

የባልደረባዎን ሐሳብ ለመፈተን መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ ግሡን ወደ ትንቢት አንቀጽ፣ ገና ያላለቀውን ድርጊት ወደሚናገረው መልክ፣ ማዞር ይበቃል። ተነገረ በትንቢት ይነገራል ይሆናል፤ «ን» ትጠብቃለች፣ ምክንያቱም የነገረ የራሱ ፊደል ናት፤ የተዋጠው «ተ» ጕልበቱን ለእርሷ ሰጥቷታል። ተንቀጠቀጠ ግን ይንቀጠቀጣል ነው፤ «ን» ትላላለች። ተማሪዎችዎ ሁለቱን ተራ በተራ ጮክ ብለው ይበሉ፤ ጆሯቸው ከእኔ የተሻለ ይመሰክራል። ማስደረጊያውም ቢሆን አንቀጠቀጠ ነው እንጂ «አስነቀጠቀጠ» የሚል ሰው አልሰማሁም። ተን እና አን ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

አሁን ወደ ቅድሙ ማስጠንቀቂያ ልመለስ። በጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ ግሥ የሚያወርድ ተማሪ አፉን የሚፈታባቸው፣ ሌሎቹ ግሦች የሚለኩባቸው አርእስተ ግሥ አሉ። በሰፊው ከሚታወቁት አቆጣጠሮች በአንዱ ስምንቱ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ ናቸው። ሦስተኛውን ይዩት፤ ተንበለ፣ ማለደ ማለት ነው፣ በ«ተን» ይጀምራል። ነገር ግን የእኛ «ተን» አይደለም። በትንቢት ይተነብል ይላል፤ «ተ»ውም «ን»ውም ከቦታቸው አይነቃነቁም፣ ሁለቱም የሥር ፊደላት ናቸውና። ቅኔ ቤት ያደጉ አንዳንድ መምህራን ተንቀጠቀጠን ሁሉ በተንበለ መለኪያ የሚለኩት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ልጅነት የያዘው ቤት አይለቅም። ተነተነም እንዲሁ ነው፤ ይተነትናል።

እዚህ ላይ ግን ለተቃራኒዎቼ የሚጠቅም ነገር አለ፤ እውነት ስለሆነ አልደብቀውም። ተነፈሰ ከነፍስ፣ ተነበየ ከነቢይ የወጡ ናቸው፤ በሁለቱም «ተ» ባዕድ መነሻ፣ ከሥሩ ፊት የተጨመረ ፊደል፣ ነበር። ዛሬ ግን ይተነፍሳል፣ ይተነብያል እንላለን፤ «ተ» አልጠፋም፣ እንደ ሥር ፊደል ተቈጥሯል። ተንኮልም ሳይሆን አይቀርም ከዚሁ መንገድ የመጣ፤ ዕብራይስጡ ናከል ማታለል ማለት ነው፣ እኛ ግን ይተናኮላል፣ ተንኮለኛ እያልን «ተ»ን የቤት ልጅ አድርገናታል። ባዕድ መነሻ በጊዜ ብዛት ሥር ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል። ሆኖም በተንቀጠቀጠ ቤተሰብ ላይ ገና አልሆነም። «ይተንቀጠቅጣል» የሚል ሰው እስኪነሣ ድረስ በአቋሜ እጸናለሁ።

ተንበረከከንም መርሳት የለብኝም፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ብርክ በግእዝ ጉልበት ነው። ዛሬም ጉልበቱ የተብረከረከ ሰው ብርክ ያዘው ይባላል። ከዚያ የመጨረሻው «ክ» ተደግሞ፣ ከፊቱ «ተን» ተጨምሮ ተንበረከከ ሆነ። ጉልበት በዕብራይስጥም በአካድኛም ይኸው ብ፣ ር፣ ክ ነው። ባረከ የሚለውም ከዚሁ ነው የሚሉ አሉ፤ ቡራኬ የሚቀበል ሰው ይንበረከካልና ዝምድናው ለእኔ ያምረኛል፤ ማማሩ ግን ማስረጃ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ።

እንግዲህ «ተን» ትርጉም አለው ወይ ለሚለው መልሴ፣ አዎን፣ አለው ነው። ብቻውን ሲቆም የሚነገር ትርጉም ግን አይደለም። ድምፅን፣ ብርሃንን፣ የአካልን መወዛወዝ የሚሥል ባዕድ መነሻ ነው። ሁሉንም ይዞ አይሄድም፤ ተንከባከበ ምን ድምፅ፣ ምን ብርሃን አለው? እኔ ከበበን አይበታለሁ፤ ሕፃን የሚንከባከብ ሰው ዙሪያውን ነው የሚዞረው፣ በግእዝም ከብካብ የሰርግ ድግስ ነው፣ እርሱም የሰው መክበብ ነው። ለዚህ የምተማመነው በስሜቴ እንጂ በተጻፈ ምስክር አይደለም፤ ቢሆንም አልለቀውም። በስም ሲሆን ደግሞ መነሻው «እን» ይሆናል፤ እንቅስቃሴ፣ እንክብካቤ፣ እንጥልጥል፣ እንጉርጉሮ። በግእዝ ኦሪት ሕዝቡ በሙሴ ላይ አንጐርጐሩ ሲል አጕረመረሙ ማለት ነው፤ በጎጃም ግን ያንጐራጐረ ሰው ለራሱ ዝቅ አድርጎ ያዜማል። ምሬት ዜማ ሆነ፤ ምሬቱም ከዜማው አልወጣም። እንጀራንና እንቁራሪትን ግን ከዚህ ቤት አያስገቡብኝ።

አሁን የሚያስቆጣኝን ልናገር። ይህን የሚያህል ሥዕል ያለው ቤተሰብ ይዘን፣ የዘመናችን ጽሑፍ ሁሉንም በአንድ ግሥ ለውጦታል፤ በተንቀሳቀሰ። ሰውየው ተንቀሳቀሰ። ተንጎራደደ፣ ተንጎማለለ፣ ተንገዳገደ፣ ተንፏቀቀ፣ ተንቀራፈፈ የሚሉት የት ሄዱ? የሚንጎማለል ሰውና የሚንፏቀቅ ሰው አንድ አይደሉም፤ አንባቢው የትኛውን እንዲያይ ነው? ተንቀሳቃሽ ስልክ ቢሉኝ ዝም እላለሁ፣ በባንክ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ቢሉኝም እፈርማለሁ፤ ሰውን በዚህ ቃል ብቻ ሲያስኬዱብኝ ግን ዝም ማለት አልችልም። ተማሪዎችዎ የእንግሊዝኛውን ብርቅ ቃል በሚሰበስቡበት ደብተር፣ በትይዩው ገጽ እነዚህን ቢሰበስቡ ደስ ይለኛል። ከጮቄ ሥር ላለ ልጅ ውኃ እንዴት እንደሚንዠቀዠቅና ከምንጩ እንዴት እንደሚንፎለፎል ማንም አያስተምረውም፤ ቃሉን ከእናቱ አፍ ሰምቶታል፤ የሚጐድለው ብዕሩ ላይ መውጣቱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልሂድ። «ሐሳቡን አንጸባረቀ» ጆሮዬ አይቀበለውም። አንጸባረቀ የሚለው ፀሐይ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ ጥርስ በሣቅ ላይ፣ የደረበ ጥልፍ በበዓል ቀን የሚያደርገው ነገር ነው። ሐሳብ ተገለጸ፣ ተነገረ፣ ተሰነዘረ፤ ምኑ ነው የሚያንጸባርቀው? የፈረንጅኛውን ሐረግ ከነልብሱ ያመጣነው ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ራሴ ከላይ የጻፍሁት ይሞግተኛል። አንጐራጐረ ከማጕረምረም ወደ ዜማ ከተሻገረ፣ ተንበረከከ ከጉልበት አልፎ ለተሸነፈ ጦር ከተነገረ፣ አንጸባረቀ ከመስተዋት ወደ ሐሳብ እንዳይሻገር የምከለክልበት ሕግ የለኝም። ጋዜጣው ይጽፈዋል፣ ዜና አንባቢው ይለዋል፣ የተማሩ ሰዎችም ሳያመነቱ ይናገሩታል፤ ቃሉ አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ተማሪዎ በፈተና ላይ ቢጽፈው ነጥብ አይቀንሱበት። ከጎኑ በቀይ ብዕር «ገለጸ» ብለው ቢጽፉለት ግን ከእኔ ምስጋና ያገኛሉ፤ እኔም በምጽፈው ሁሉ «ገለጸ» ማለቴን አልተውም።